ካዝሚሩ የተቆረጠ ቀን

የካ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ጫካ በታች፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። አስተማሪ ነኝ። እማማ ድሮ እዚያው ገበሬ ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ቢሆንም ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር የምናወራው። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ማሳቸው ሲወሰድ የተረፋቸው ግቢያቸውና ጓሮው ላይ የቆመው የካዝሚር ዛፍ ነው። ሟች ባላቸው ከሐረር ይዘውላቸው ከመጡት ፍሬ ዘሩን አስቀርተው ራሳቸው የተከሉት ነው። ባልየው ግን ዛፉ ሳያፈራ ሞቱ።

ካዝሚርን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቆዳው አረንጓዴና ስስ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጣፋጭ ነው። እማማ ፍሬው ደርሶ ገና ጠንካራ ሳለ ቀጥፈው ጭድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ሲለሰልስ በማንኪያ ይበላል። የፈተና ወረቀት ሳርም አምሽቼ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ሁለት ፍሬ ያመጡልኝ ነበር።

"ብዪና ተኚ ልጄ። ዘሩን እንዳታኝኪ፣ መርዝ ነው።"

ልጃቸው ጓሮው ላይ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ፈለገ። "እኔ ስሞት ቁረጠው" አሉት። አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠበቀኝ።

"ነገ እማዬን ኪዳነ ምሕረት ጠበል ውሰጂልኝ። ጉልበቷን አሟታል።"

"አንተስ?"

"እኔ ዛፉን አስቆርጣለሁ። ካየች አታስነካንም። ክፍሎቹ ሲያልቁ ሰፊው ያንቺ ነው።"

የእኔ ክፍል ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር። "እሺ" አልኩት።

በማግስቱ እማማ ክንዴን ይዘው፣ በየዳገቱ እያረፉ እንጦጦ ወጡ። ከተጠመቁ በኋላ እጄን ስመው መረቁኝ። "የወለድኩት እንኳ እንዲህ አላሰበልኝም" አሉ።

ስንመለስ ዛፉ ግቢውን ሞልቶ ተጋድሟል። ገና ያልደረሰው ጥሬ ፍሬ በየቦታው ተበትኖ፣ ቆራጮቹ እየረገጡት ያልፋሉ። እማማ አልጮሁም። ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡና አንድ በአንድ ይለቅሙ ጀመር።

"እማዬ፣ ተይው፣ ጥሬ ነው፤ አይበስልም" አለ ልጃቸው፤ ከቆራጮቹ ጋር ሳቀ።

ልለቅምላቸው ጎንበስ ስል ቀና ብለው አዩኝ።

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር እማማ።"

እጄ ላይ የነበረውን ፍሬ ቀስ ብለው ወሰዱብኝ።

ጭድ ውስጥ የቀበሩት ሁሉ ጠቁሮ በሰበሰ። ልጃቸውን በሳምንቱ ይቅር አሉት፤ ምሳውን ራሳቸው ያቀርቡለት ነበር። እኔን ግን ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በአማርኛ አንድ ቃል አላናገሩኝም። ክፍሎቹ ሲያልቁ ሰፊው ተሰጠኝ፤ ገባሁበት። ጠዋት ጠዋት "እንደምን አደሩ?" ስላቸው ዓይኔን እያዩ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብለው ያልፋሉ። ሁልጊዜ ያው አንድ ቃል ነው። የመምህራን ክፍላችን ውስጥ ኦሮምኛ የሚችሉ ሦስት ባልደረቦች አሉኝ። ትርጉሙን አንዳቸውንም ጠይቄ አላውቅም።