ስም የሌለው ሸክላ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሜሮን ከጀርመንታውን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ የማጫውተውን አሮጌ ሸክላ ሰማችና ስልኳን ወደ ማጫወቻው አስጠጋች። ስልኩ የዘፋኙን ስም እንዲነግራት ነው።

«አባዬ፣ ኖ ሪዘልት ይላል። ሁ ኢዝ ዚስ?»

በዚሁ ሸክላ ስም ማጣት የተነሳ እኔም አንድ ጊዜ ሰው አስቀይሜያለሁ።

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ መኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። ሂሳብ ተቀባዩ ዴልሮይ የሚባል ጃማይካዊ ነው። በዕድሜ አባቴ ቢሆንም፣ እንግሊዝኛ አንቱ የለውምና አንተ እያልኩ ለመድኩት። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሰማ ቀን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰገደልኝ ማለት ይቀላል። ከዚያ ወዲህ ከምሳው ሩዝ በቦሎቄና የተጠበሰ ሙዝ ሳያካፍለኝ አይውልም። እኔም እየበላሁ እጠረጥራለሁ። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አገሬን ከእኔ አብልጦ የሚወድ ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ሸክላ ሰጠኝ። መሐሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት ባዶ ነው።

«ለምን ስም የለውም?» አልኩት።

«ያኔ ኪንግስተን እንዲህ ነበር። ፕሮዲውሰሮቹ ዘፈኑ የማን እንደሆነ ተቀናቃኝ እንዳያውቅባቸው ስም ሳይጽፉ ያወጡታል።»

የተሰረቀ ነው አልኩ በልቤ። አሌክሳንድሪያ ከተከራየሁት ክፍል ገብቼ አጫወትኩት። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፤ ጎርናና ድምፅ ያለው ወጣት ይዘፍናል፣ ጊታሩ ከኋላው ቸክ ቸክ ይላል። ስገለብጠው ግን ያው ዘፈን ሆኖ ዘፋኙ የለም። ከበሮና ቤዝ ብቻ። አንድ ቃል ብቅ ይልና ድምፁ ይጠፋል። በዚህ በኩል በእርሳስ «ዱብ» ተብሎ ተጽፏል። ዱብ ዕዳ! አልኩ። ለካ የሰጠኝ የተሰረቀ ብቻ ሳይሆን የተበላሸም ነው።

በማግስቱ፣ ዴልሮይ የተሰረቀ ሸክላ ይዞ ይዞራል ብዬ ለአለቃችን ሹክ አልኩት። አለቃው ሰው እያየ የዴልሮይን ቦርሳ ፈተሸ። ምሳውና ሌላ ስም የለሽ ሸክላ ወጣ። ዴልሮይ ሁለቱንም ወደ ቦርሳው መለሰ።

ሰው ሲበተን ሸክላውን መለስኩለት። «ጀርባው ተበላሽቷል፣ ዘፋኙ የለም።»

ሳቀ። «አልተበላሸም፤ ዱብ ማለት ይኸው ነው። ፕሮዲውሰሩ ነው የዘፋኙን ድምፅ ያጠፋው፤ ሌላ ሰው እንዲሞላው።» የቤዙን ምት ጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየመታ፣ ድምፁ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ዘፈነ። ያው ጎርናና ድምፅ፣ አርጅቶ። አንድም ቦታ አልሳተም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሸክላውን መልሶ እጄ ላይ አኖረው። በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። የጠቆምኩት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም፤ የሚያውቅ ግን ይመስለኛል።

ዛሬ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን እወዳለሁ። እነዚያ ፕሮዲውሰሮች ባዶ ቦታን ማሰማት ያውቁበት ነበር። ሙያቸውን ባደንቅም ግን አላምናቸውም፤ ስም ያልጻፉት ተቀናቃኝ ፈርተው ነው ወይስ ዘፋኙን ለማስረሳት?

ሜሮን መልሴን እየጠበቀች ነው። እስክሪብቶ አንስቼ ባዶው ወረቀት ላይ «ዴልሮይ» ብዬ ጻፍኩ።

«ዴልሮይ ሁ?» አለችኝ።

ያን ያህል ጊዜ ስጠረጥረው፣ የአባቱን ስም እንኳ ጠይቄው አላውቅም።