የፈረንጁ ደመወዝና የጋሼ ዲግሪ

ከማሽን ገና የወጣ ፎቶ ኮፒ ሽታው ይታወቅሃል? ሞቅ ያለ፣ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ። ትናንት ኮፒ ቤት ተራ ስጠብቅ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ። ሰው ከስንት ዓመት በፊት በሆነ ነገር እንዴት ይናደዳል ትል ይሆናል። እኔ እናደዳለሁ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ዕጣዬ ቦንጋ ወጣና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ሄድኩ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የዋጫ አካባቢ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እቤታቸው በካፊኖኖ፣ ቢሮ በአማርኛ ያወራሉ፤ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ግን የኋላ ወንበር ረባሾች እንኳ ጸጥ ይላሉ። ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቅሎ አስተማሪው አብሪና አጥፊ ብቻ የሆነበት ዘመን ነበር። መብራት ሲጠፋ የጋሼ ተማሪዎች ያጨበጭባሉ። ጋሼ ራሳቸው ሊያስተምሩ ነዋ!

በዚያ ዓመት አንድ ወጣት ፈረንጅ በበጎ ፈቃድ ሊያስተምር መጣ። የተማረው ዓሣ እርባታ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እሱን አልዋሽም። ጋሼን «አንተ» ቢላቸውም አይቀየሙትም። ከሰዓት በኋላ ቢሮ እየጠሩ የነገውን ትምህርት ያስጠኑታል፤ እሱም በማግስቱ ያንኑ ያስተምራል።

አንድ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ሦስታችን ጠጅ ቤት ተቀምጠን፣ ፈረንጁ እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት እስያ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር እንደነበር አጫወተን። ደመወዙን ጠየቅሁት። ነገረኝ። በጭንቅላቴ ሳሰላው የእሱ አንድ ወር የእኔ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ቤቱ በነጻ፣ የአውሮፕላን ትኬቱም በነጻ። 

«በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው?» አሉ ጋሼ፣ ብርሌያቸውን አስቀምጠው።

የእኛን ግማሽ አይሞላም ነበር።

ጋሼ ለወሬ አልነበረም የጠየቁት። የመምህራን የቤት ማኅበር ከከተማው ዳር፣ ጉሬዛ ከሚጮኽበት ጫካ ሥር ቦታ ደርሷቸዋል። ዕድሜያቸውን በኪራይ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ እስከ ሰኔ መሠረት ያልጣለ ቦታው ይነጠቃል ብሏል። በእኛ ደመወዝ መሠረት መጣል ቀርቶ ድንጋዩን ማስጫንም ከባድ ነው። ፈረንጁ እንዳለው ግን እዚያ እስያ ውል የፈረመ አስተማሪ የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ አስቀድሞ ይቀበላል። የአንድ ወር ደመወዝ፣ ለጋሼ ቤት!

ልጁ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሊመለስ አስቦ ኖሮ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉለት ለመናቸው። ጻፉለት። «አንተም አመልክት፤ ከእኔ ትበልጣለህ» አላቸው፤ አመለከቱ። ሁለቱ ፖስታዎች በአንድ ቀን እንዲሄዱ ተስማማን። በዚያ ሳምንት ግን መብራት ጠፍቶ ኮፒ ቤቱ ተዘግቷል። መልእክቱን የሚወስደው መኪና ወደ ጅማ ሊወጣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ጋሼ ዲግሪያቸውን ይዘው ያመነታሉ።

«ዋናውን ይላኩት፣ ጋሼ» አልኩ እኔ። «ዋናውን ሳያዩ ማን ያምናል?»

እኔ ነኝ ያልኩት። የእኛ ቢሮ ሁሉ «ዋናውን አምጣ» ነው የሚልህ፤ ዓለም በሙሉ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መሰለኝ። ጋሼ ዲግሪውን በኮታቸው እጅጌ ጠረግ አደረጉና ፖስታው ውስጥ ከተቱት።

ከሁለት ወር በኋላ አራት መስመር መልስ መጣ። የሚቀጥሩት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ የጥቂት አገሮች ፓስፖርት ያለውን ብቻ ነው። ዓሣ አርቢ ይሁን፣ ሰነፍ ይሁን፣ ግድ የላቸውም፤ ፓስፖርቱን ነው የሚያዩት። ዲግሪው ከመልሱ ጋር አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጻፍን፤ ዝም አሉን። ጋሼ ወደ ተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሲጠይቁ፣ ዋናው የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ተባሉ። የደረጃ እድገታቸው «ዋናው ማስረጃ አልቀረበም» ተብሎ ታገደ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ አንዱ፣ መምህራን ማረፊያ ውስጥ እየሳቀ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ሰኔ ደረሰ። እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎም አላየኝ፤ «መመሪያ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። የጋሼን የወሰን ችካል ነቅለው ቦታውን ለሌላ ሰጡት።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲጀመር ከፈረንጁ ልጅ ለእኔ ደብዳቤ መጣ። ቀጥረውታል። የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የጋሼን የድጋፍ ደብዳቤ በጣም ስለወደደው ስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አንብቦታል። ጋሼን አመስግንልኝ ይላል። አንድ ሳምንት ኪሴ ውስጥ ደበቅሁት። በመጨረሻ ኅሊናዬ እምቢ ሲለኝ በረንዳው ላይ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ፊታቸው በራ።

«ቀጠሩት!» አሉ።

የምናደድበት ሰው አጥቼ እሳቸው ላይ ጮኽኩ። «እንዴት ይደሰታሉ? በእርስዎ እንግሊዝኛ እኮ ነው የተቀጠረው! ቤትዎን፣ ዲግሪዎን በልተውብዎት... ምኑ ነው የሚያስደስተው?» ተማሪዎች ዞረው አዩን።

ጋሼ አልተቆጡም። ደብዳቤውን አጥፈው ሰጡኝና፣ «ምን ነካህ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ተማሪዬ አይደለም እንዴ?»

ደወል ተደወለ፤ ወደ ክፍል ገቡ። በዓመቱ ተዛውሬ ሄድኩ። ለዚያ ጩኸቴ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።