አልለቅ ያለችው ጥቁር ቀለበት

የኬሚካል ፋብሪካው ላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ በቅጽል ስሟ «መስታወት» ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእጇ የወጣ ብልቃጥ ሁሉ ፊት ያሳያል። ልጆቿም «እማዬ ካጠበችው ውሃው ራሱ ይነጻል» እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ ዕቃ ግን አሸንፏታል። በላቦራቶሪው አዲስ ነገር የምትሞክር አንዲት ወጣት ኢንጂነር አለች፤ በትልቁ ብልቃጧ ታችኛው ወለል ላይ፣ ከእሷ በፊት የሠሩ ሰዎች ትተዋት የሄዱት ጥቁር የእድፍ ቀለበት አለች። በሳሙና ብትል፣ በብሩሽ ብትል፣ ወይ ፍንክች። እንግዳ ሲመጣ መስታወት አፍራ ብልቃጡን ወደ ጓዳ ታስገባው ነበር።

ኢንጂነሯ በዚያ ብልቃጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ከተራ ብረት፣ ቅንጣቱ በዓይን የማይታይ፣ ናኖ የሚሉትን የላመ ዱቄት ታዘጋጃለች። ውዱ ፕላቲኒየም የሚሠራውን ሥራ ይሠራልኛል ባይ ናት።

«ይሄ ዱቄቴ ካታሊስት ነው፤ ደላላ በሉት እትዬ» ብላታለች አንዴ። «ሁለት ነገሮችን ያጣምርና እሱ ምንም ሳይጎድልበት ይወጣል።»

«ኮሚሽን የማይበላ ደላላ? ከየት አገኘሽው ልጄ?»

ሰኞ ኃላፊዎቹ ሙከራዋን ሊያዩ ሊመጡ ሆነ። ሙከራው ከሠመረ የኢንጂነሯ ኮንትራት ይታደሳል፤ ካልሠመረ ያበቃል። መስታወት ይህን ስታውቅ ልጅቷ በእድፍ እንዳትሳቀቅ ብላ፣ አርብ ዕለት ከመጋዘን ወርቅ እንኳ የሚያሟሟ አሲድ አስቀድታ ቀለበቷን ነቀለቻት።

ሰኞ ዕለት ዱቄቱ የተጨመረበት ፈሳሽ በአሥር ደቂቃ መልኩን መለወጥ ነበረበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ መስሎ ቀረ። ኃላፊዎቹ ሰዓታቸውን አይተው ወጡ።

ኢንጂነሯ ሐሙስ ዕለት ብልቃጡን ታቅፋ ወደ ማጠቢያው ክፍል መጣች።

«እትዬ፣ እዚህች ላይ የነበረችው ጥቁር ነገር የት ሄደች?»

መስታወት ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። «ነቀልኳታ! ለአንቺ ብዬ ነው።»

ኢንጂነሯ ባልዲው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «በአዲስ ብልቃጥም ሞከርኩት። ዱቄቴ ምንም አይሠራም። የድሮውን መዝገብ ሳየው፣ በፊት በዚህ ብልቃጥ የሠሩት በፕላቲኒየም ነው፤ እድፉ የእሱ ቅሪት ነበር። ሁለት ዓመት ስትሠራልኝ የኖረችው ያቺ ቀለበት ናት።»

መስታወት ክው አለች። ከሰው ዓይን ስትሸሽጋት የኖረችው እድፍ!

«አሲዱስ? ፕላቲኒየሙ እሱ ውስጥ ነው» አለች ኢንጂነሯ ቀስ ብላ።

«የቆሻሻ መኪናው በዚያው ዕለት ወሰደው።»

«በቃ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ዱቄቱን ሳልጨምር ባዶውን ብልቃጥ መጀመሪያ መሞከር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለኃላፊዎቹም እኔው እነግራቸዋለሁ።» ተነስታ ወጣች።

ማጠቢያው ላይ ሌላ የቆሸሸ ብልቃጥ ይጠብቃል። መስታወት ብሩሹን አነሳች፤ እጇ ግን እንቢ አላት። በሩ ድረስ ሄዳ ኢንጂነሯን ጠራቻትና፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«ልጄ... ይሄንንስ ልጠበው?»