የውብአለም አውራ ጣት

ውብአለም ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ሐሙስ ሐሙሲት ወርዳ ከደራ ገበሬዎች ትገዛለች፤ በበቅሎዋ ጭና ሽቅብ ትወጣና ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደብረ ታቦር ገበያ ትደርሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖራለች፤ ጣሊያን ሲገባም አላቋረጠችም። ዘመዶቿ ንግዷን ይንቁባት ነበር። "አትፈትል፣ አታርም፤ ከሰው እጅ ተቀብላ ለሰው ማቀበል ብቻ" ይሏታል። እሷ ግን ትኮራበት ነበር። ቅቤ የተረፈው ደራ፣ ቅቤ ያጣው ደብረ ታቦር፤ በመሀል የሚመላለስ እግር ከሌለ ሁለቱም በየቤታቸው ይቸገራሉ ባይ ነች። ደግሞም ማንንም አስገድዳ አታውቅም። "ዋጋው ካልጣመሽ ሂጂ፣ አልቀየምሽም" ትላለች። እውነትም አትቀየምም፤ ጥቂት ብታኮርፍ ነው።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ደብረ ታቦር ላይ የሠራው ምሽግ የስንቅ ሹም ለቅቤ ዋጋ ቆረጠ። የቆረጠው ዋጋ እሷ ሐሙሲት ላይ ከምትገዛበት ግማሹ ነበር። አንድ ቅዳሜ የሹሙ አስተርጓሚ ማሩ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ገበያ መጣና ውብአለም ያመጣችውን ስድስት ቅል ቅቤ አስነሳ። የጣሊያኑን ሊሬ ጭኗ ላይ ጣለላትና ቀለምና ወረቀት አወጣ።

"አውራ ጣትሽን አምጪ። ወረቀቱ 'በፈቃዴ ሸጫለሁ' ይላል።"

"አልሸጥኩማ" አለች ውብአለም።

"ቅቤው ተነስቷል እኮ!"

"ውሰደው። ጠመንጃ ይዛችኋል፣ ምን አደርጋለሁ? 'ቀማኋት' ብለህ ጻፍና እፈርምልሃለሁ።"

ማሩ ሳቁ መጣበት፤ ወታደሮቹን ሲያይ ዋጠው። ካልፈረመች በቅሎዋ እንደምትወረስ ነገራት። ያለዚያች በቅሎ ንግድ የለም፤ ንግድ ከሌለ ደግሞ የሰው እጅ ማየት ነው። ውብአለም ግን ሊሬውን መለሰችለትና ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። በቅሎዋን ወሰዱባት። በእግሯ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ይህን ያዩ ቅቤ ሻጮች በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም፤ ከዚያ በሚቀጥለውም። ማንም አልመከራቸው፣ ማንም አላሳደማቸው፤ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሞኝ ስላልተገኘ ብቻ ነው። ለጣሊያን የተቀጠሩት የምሽጉ አስካሪ ወታደሮች ወጣቸው ደረቀባቸውና ማጉረምረም ጀመሩ። በወሩ ሹሙ ራሱ በቅሎዋን አስጎትቶ ውብአለም ደጃፍ ላይ ቆመ። ማሩም አንገቱን ደፍቶ አስተረጎመ፤ "ስንት ትያለሽ? ይላል።"

ዋጋዋን ነገረችው። ሹሙ በዛ አለ፤ እሷም መንገዱን፣ ዳገቱን፣ የገበሬውን ድካም አስረዳችው። እሱ ትንሽ ጨመረ፣ እሷ ትንሽ ቀነሰች፤ በሊሬ ሳይሆን በጠገራ ብር ሊከፍላት ተስማሙ፤ በቅሎዋንም መለሰላት።

በተከታዩ ቅዳሜ ገበያ ላይ ማሩን አስከትሎ ለመጣው ሹም ቅቤውን አስረከበች። ብሯን ከተቀበለች በኋላ እጇን ወደ ቀረው ቅል ሰደደችና አንድ ጭብጥ ቅቤ ጨመረችለት። አጠገቧ ጨው የምትሸጠው የሺ ደሟ ፈላ።

"ለጠላት ትመርቂያለሽ?"

"ጠላትነቱማ የት ይሄዳል፤ እግዜር ካገራችን ይንቀልልን" አለች ውብአለም። "ዛሬ ግን ጠይቆኝ ነው የገዛ።"

ከዚያም አውራ ጣቷን ማሩ ባቀረበላት ቀለም ውስጥ ነከረችና 'በፈቃዴ ሸጫለሁ' የሚለው ወረቀት ላይ አሳረፈች።