የሐጂ ምርቃትና ደርቆ የቀረው ሚዛን

ሚዛኑ እኛ ቢሮ ውስጥ አንድም ቀን ደርቆ አያውቅም። ካምፓላ፣ ዋንዴገያ ሰፈር፣ ከስልክ ጠጋኞችና ከፎቶ ኮፒ ቤቶች በላይ ባለችው ክፍላችን፣ የውሃ ጠርሙስ አስቀምጠን ቁልፉን ስንነካው ክብደቱን በትልልቅ ቁጥር ያሳይና ወረቀቱን ጭርር አድርጎ ያወጣል። ደንበኛችን ሐጂ ሱቅ ሲወሰድ ግን ረፋዱ ላይ ይደርቃል። ቁጥሩ ይቆማል፣ ወረቀቱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ይቀራል፣ ነቅለን መልሰን ካልሰካነው በቀር ንቅንቅ አይልም። እኔም የፕሮግራም ጸሐፊ ደንብ ነውና መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐጂን ነበር።

ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው። ከሙየንጋ ኮረብታ ግርጌ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስርና ኮረሪማ ይሸጣሉ። የዓይን ሞራ ይዟቸው የድሮውን ሚዛን መርፌ ማየት ተስኗቸዋል። ደንበኛ ሁሉ ከጠየቀው በላይ ይዞ ስለሚወጣ ሰፈሩ የሐጂን ዓይን በጣም ወዶት ነበር። ያልወደደው ልጃቸው ብቻ ነው። ሙንዮንዮ ሐይቁ ዳር ቤት አለው፤ አባቱ ሱቁን ዘግተው እሱ ዘንድ በረንዳ ላይ እንዲቀመጡለት ይፈልጋል።

«ሐይቁን ምን ላደርገው ነው?» አሉኝ ሐጂ። «አይመዘን፣ አይጠቀለል።»

አባትና ልጅ ሲከራከሩ ቆይተው ተስማሙ። እኔና ባልደረባዬ የሠራንላቸው ሚዛን በደንብ ከሠራ ሐጂ ሱቃቸው ይቆያሉ። ልጁ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥቶ በዓይኑ ያያል። እሱ ፊት ከደረቀ ግን ሱቁ ይዘጋል። ሐጂ «አብሽሪ» እያሉ ጭራሽ እኔን ያጽናናሉ። ሚዛኑ በደረቀ ቁጥር ግን መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው ይቆያሉ።

ረቡዕ ዕለት ባልደረባዬን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የካምፓላ ልጅ ነው፤ ሮሌክሱን፣ ማለትም በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላሉን ሳይበላ ጭንቅላቱ አይሠራም። ጥግ ይዘን ቆመን አየን። አንዲት ሴትዮ አንድ ኪሎ በርበሬ ጠየቀች። ሐጂ መዘኑ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ወረቀቱ መውጣት ሲጀምር ደግሞ አንድ እፍኝ በርበሬ ዘግነው «ይሄ ምርቃት ነው» ብለው ከላይ ጨመሩላት። ሚዛኑ ደረቀ።

«እንዮንጌዛ ነው» አለ ባልደረባዬ እያላመጠ። የዚህ አገር ገበያተኛም ለምርቃቱ ስም አለው። እኛ ለውሃ ጠርሙስ ምርቃት ጨምረን አናውቅም፤ ለዚህ ነው ቢሮ ውስጥ ያልደረቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚዛኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ግማሹን እኔ ጻፍኩት፣ ግማሹን እሱ። ሥራ እንዳይደበላለቅ መመዘኛውም ማተሚያውም የየራሳቸው መቆለፊያ አላቸው፤ አንዱ ከያዘ ሌላው ይጠብቃል። ምርቃቱ ሲወርድ የእኔ ክፍል መመዘኛውን ይይዝና «ቁጥሩ ተለውጧል» ሊል ማተሚያውን ይጠይቃል። የእሱ ክፍል በዚያው ቅጽበት ማተሚያውን ይዞ «ስንት ነበር?» ሊል መመዘኛውን ይጠይቃል። ሁለቱም የያዙትን አይለቁም፣ ሁለቱም ሌላውን ይጠብቃሉ። መንጠቅ ነውር ስለሆነባቸው እስከ ዕለተ ምጽአት እንደተፋጠጡ ይኖራሉ።

ስንፍናዬ መጣብኝና ሐጂን ለመንኳቸው። «ወረቀቱ ወጥቶ እስኪያልቅ ምርቃቱን ቢያቆዩት?»

«ልጄ፣ ደንበኛው ከሄደ በኋላ እፍኜን ይዤ ልከተለው?»

ቢሮ ተመልሰን ድራይቨሩን ጨዋነት አስተማርነው። ማንም ክፍል የሚፈልገው ከተያዘበት፣ የያዘውን ለቆ፣ ትንሽ ታግሦ እንደገና ይሞክር አልን። እኔማ በአስተዳደጌ ሁሉ ኮራሁ። ሐሙስ ሐጂ ሱቅ ስንሞክረው ሚዛኑ መድረቁን ትቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ይለቃሉ፣ እኩል ይታገሣሉ፣ እኩል ይይዛሉ፣ እንደገና እኩል ይለቃሉ። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ሐጂ «አሁንስ የባሰ በሽታ ያዘው» አሉ። ማልቀስ አማረኝ።

ምሳ ደርሶ ስለነበር ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ጓዳ ጋበዙን። በሩ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

«ግቢ ልጄ።»

«ኧረ በፍጹም። እርስዎ ይግቡ።»

«እንግዳ አይደለሽ እንዴ? ግቢ።»

«ታላቅ እያለ? አይሆንም።»

ሁለታችንም አንድ እርምጃ ወደኋላ አልን። ሁለታችንም ተያየንና አንድ እርምጃ ወደፊት መጣን። ግንባራችን ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ። «ወላሂ አልቀድምሽም» አሉ። እኔም ብሞት እንደማልቀድም ማልኩ። ባልደረባዬ በመሐላችን በጎን ሾልኮ ገብቶ ሩዙ ፊት ተቀመጠ።

እኔ እዚያው በሩ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ሐጂ የያዙት እንግዳ ይቅደም የሚለውን ደንብ ነው፣ እኔ የያዝኩት ታላቅ ይቅደም የሚለውን። ሁለቱም ደንብ ለብቻው ትክክል ነው፣ በአንድ በር ላይ አብረው ሲመጡ ግን ማንም ምሳ አይበላም። የድራይቨራችን በሽታም ይኸው ነው፤ ሁለት ደንብ ይዞ በጨዋነት ብዛት አይድንም። ሁሉም ክፍል በአንድ ቅደም ተከተል ብቻ መያዝ አለበት።

«ማን ይቅደም ታዲያ?» አለ ባልደረባዬ አፉን እንደሞላ፣ ስነግረው።

«ታላቁ። የመመዘኛው መቆለፊያ ቀድሞ የተጻፈ ነው።»

«የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው።»

«ታላቅ ስለሆነ ነው።»

አኮረፈ። እንዲያም ሆኖ የራሱን ክፍል አስተካከለ። ከእንግዲህ ማንም ማተሚያውን ከመንካቱ በፊት መመዘኛውን ይይዛል፤ መመዘኛው ከተያዘበት ባዶ እጁን በር ላይ ተራ ይጠብቃል። የያዘው ነገር ስለሌለ ማንንም አያግድም። የቀየርነው ጥቂት መስመር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ግን አኮራረፈን።

ዓርብ ልጁ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከመስጊድ መጣ። «አንድ ኪሎ ምስር» አለ አባቱን፣ እንደ ደንበኛ። ሐጂ መዘኑ፣ ቁልፉን ተጫኑ። እጃቸው ወደ ጆንያው ሲመለስ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። እፍኙ ሲፈስ ሰማሁ። ጭርር የሚለውንም ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ ወድቋል፣ ቁጥሩም ከአንድ ኪሎ በላይ ያሳያል። ባልደረባዬ ጎኔን በክርኑ ጎሸመኝ።

ልጁ ግን ቁጥሩን እያየ ፊቱን ቋጠረ። «ይኸው አበዙት፣ አባ። አንድ ኪሎ ነው ያልኩት።»

«ኪሎህ ወረቀቱ ላይ ነው። ትርፉ ምርቃት ነው።»

ልጁ ወረቀቱን አንስቶ አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ ከዚያ አባቱን። «ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው? ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እኔ እኮ ዓይንዎ መስሎኝ ነበር።»

«ዓይኔማ ታሟል» አሉ ሐጂ። «ስለ እጄ ግን ማን ጠየቀኝ?»

ሐጂ ምስሩን ጠቅልለው በእጁ ሊሰጡት ከባንኮኒው ወጡ። በዚህ መሐል አንዲት ሴትዮ ሽሮ ፈልጋ ገባች። ሐጂ ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ሲሉ ልጁ የባንኮኒውን መግቢያ ዘግቶ መቆሙ ታወቀው። ምስሩን እቅፍ አድርጎ ወደ ግድግዳው ጥግት አለ።

«ይለፉ፣ አባ።»

ሐጂ አንዴም «አንተ ቅደም» አላሉም። አልፈው ገብተው ሚዛናቸው ፊት ቆሙ።