ከአራት እስከ ሰባት

ባለፈው ማክሰኞ የመጣው የቦይለር ባለሙያ አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ሄደ። የቤቴ ማሞቂያ ግፊቱ እየወረደ ስላስቸገረ፣ ለአንድ ሳምንት የመለኪያውን ቁጥር ከነሰዓቱ እንድመዘግብ ነው። በመጀመሪያው መስመር «7» ብዬ ጻፍሁና እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ሰባት የምን? ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የውሃ ምህንድስና የዶክትሬት ተማሪ ነበርሁ። የከተማው ባቡር በሰፈራችን፣ በኮሎምቢያ ሲቲ፣ ማለፍ የጀመረበት ዓመት ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴን ብቻዋን ላለመተው ሬኒየር ቫሊ ወዳለው ቤታችን ተመልሼ ነበር። ምድር ቤቱን የተከራዩት ጋሽ መርዕድ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ቤቱ አሮጌ ነው። ቦይለሩ የሞቀ ውሃ በብረት ቧንቧ ወደ ራዲያተሮቹ ይልካል፤ ውሃው ዞሮ ይመለሳል። መስመሩ ዝግ ስለሆነ ካልፈሰሰ አይጎድልም፤ ካልጨመሩበትም አይሞላም።

በዚያ ኅዳር፣ ዝናቡ ሳይከብድ ሳያባራ በሚውልበት ወር፣ ራዲያተሮቹ መቀዝቀዝ ጀመሩ። ግፊቱን እንሞላዋለን፤ በማግሥቱ ይወርዳል። የጠራነው ባለሙያ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ዳብሶ እርጥበት አጣ። ሲወጣ፣ የማፍሰሻውን ቫልቭ በድብቅ የሚከፍት ሰው ቤት ውስጥ አለ እንዴ ብሎ ቀለደ። ቀልዱን በቁም ነገር ወሰድሁት።

ዘዴ ነደፍሁ። ጠዋት በሰባት፣ ሰዓቱን እንደዚህ አገር ልጥራውና፣ ግፊቱን አሥራ ስምንት ላይ አድርሼ ወደ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ማታ በሰባት ተመልሼ አነባለሁ። ስንተኛ መስመሩን ስለምንዘጋው ሌሊቱ ከሒሳቡ ውጭ ነው። በመካከሉ ጋሽ መርዕድ በቀን ሁለት ጊዜ አንብበው ከነሰዓቱ እንዲጽፉልኝ ለመንኋቸው፤ ክፍላቸው ከቦይለሩ አጠገብ ነው።

«በስተርጅና የቤት ሥራ ሰጠሽኝ፣ ዶክተር» አሉኝ። ገና ዶክተር አልነበርሁም። ማዕረጉን የሚሰጡኝ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ነበር።

በየቀኑ «4» እና «8» እያሉ ጻፉልኝ። ከሰዓት በኋላ ከአራት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል የእንግሊዝኛ ትምህርት ስለነበራቸው፣ ሊወጡ ሲሉና ሲመለሱ የሚያነቡ መሰለኝ።

በሳምንቱ ቁጥሮቹን በግራፍ ወረቀት ላይ አሰፈርኋቸው። ከጠዋቱ ሰባት እስከ አራት ግፊቱ በአንድ ብቻ ይወርዳል። ከአራት እስከ ሰባት በሦስት ይወርዳል። ከሰባት እስከ ስምንት ደግሞ፣ ማንም ውሃ ሳይጨምርበት፣ በሁለት ገደማ ይነሣል። በየቀኑ ያው። መስመሩ የተኛ ሰው ደረት ይመስል ነበር። እኔ ፎቅ ተቀምጬ ስመለከተው አጠገቤ ያለው ራዲያተር ሦስት ጊዜ አንኳኳና ዝም አለ። ስምንት ላይ ወርጄ መርፌው ሲነሣ በዓይኔ ማየት እችል ነበር። አልወረድሁም። የዚያን ጊዜ ሥራ በዛብኝ አልሁ፤ እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ከአራት እስከ ሰባት ቤት ውስጥ የምትኖረው እናቴ ብቻ ነበረች። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከንጋት ጀምራ ሠርታ በሦስት ተኩል ትገባለች፤ አብሽ አፍልታ ትጠጣለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቁልፏን ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስታ ስትፈልግ ውላ ታውቃለች፤ በዕረፍት ቀኗ አውቶቡስ ስትጠብቅም ጎረቤት መልሷታል። በዚያው ሰሞን፣ «ቁራዎቹን አየሻቸው?» ብላኝ ነበር። «ውርጭ በጣለ ቁጥር ጓሮ በአንድ መስመር ይቆማሉ። ፊታቸው ሁሉ ወደ ቤቱ ነው።» ለወፍ ጊዜ የለኝም አልኋት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። እጇን አድርቃ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው።

«እኔ ነኝ?»

«በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው የለም፣ እማዬ።»

«አላስታውሰውም።» ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ግን አንቺ ለክተሽ ካገኘሽው፣ እኔ ነኛ።» ከዚያ ጣቷን መስመሩ በሚነሣበት ቦታ ላይ አሳረፈች። «እሺ፣ የምወስደው እኔ ከሆንሁ፣ የሚመልሰው ማነው?»

በዚያ ክረምት በዚያ ቤት የተጠየቀ ብቸኛው ሳይንሳዊ ጥያቄ ይህ ነበር። የመለኪያው ስሕተት ነው አልኋት። ዓይኗ የአባቴ ካፖርት ወደተሰቀለበት ኮሪደር ሄዶ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ማታ ስገባ ሶፋው ላይ እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። «ዛሬስ?» ትለኛለች። «ዛሬም» እላታለሁ። በሁለተኛው ሳምንት፣ «ቤቱን በእጄ ሳላፈርሰው እህቴ ዘንድ ውሰጅኝ» አለችኝ። እሑድ አክስቴ ወዳለችበት ከተማ፣ ታኮማ፣ አደረስኋት። 

ሰኞ ማታ በሰባት ባዶ ቤት ገብቼ መለኪያውን አነበብሁ። አሥራ አራት። ማክሰኞም አሥራ አራት፤ እናቴ እያለች እንደነበረው። ከአራት እስከ ሰባት ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም፤ የሆነ ነገር ግን ድርሻውን ይወስድ ነበር። በዚያ ሳምንት መብራት ሳላጠፋ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት ልብስ ሳጥብ ጋሽ መርዕድ በነጠላ ጫማ ከክፍላቸው ወጡ። መለኪያውን አነበቡ፤ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ «4» ብለው ጻፉ። የግድግዳው ሰዓት አሥር ይላል።

«ጋሽ መርዕድ፣ ስንት ሰዓት ነው የጻፉት?»

«አራት።»

«ጠዋት እኮ ነው።»

«ታዲያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አይደል? ይኼን ሁሉ ተምረሽ ሰዓት ጠፋብሽ? እዚህ ፀሐይዋ ባትታይም ቆጠራዋን አልተወችም።» እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰዓታቸው ዛሬም እንደ አገር ቤት ከንጋት ይቆጥራል።

ከእናቴ ጋር ስነጋገር እኔም እንደ እርሳቸው ነበር የምቆጥረው። የግራፍ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን በሌላ ሰዓት አስብ ነበር።

አራቱን ወደ አሥር፣ ስምንቱን ወደ ከሰዓት በኋላ ሁለት አዛወርሁ። ቁጥሮቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰለፉ፤ በየሰዓቱ እኩል የሚወርድ ተራ ፍሳሽ። የሚወስድ የለም። የሚመልስ የለም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ከኋላ ወዳለው ክፍል በሚወስድ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ብቻ አረንጓዴ ነው፤ ቁራዎቹ እዚያ ቆመዋል። ሲነሡ መዳፌን መሬቱ ላይ አኖርሁ። ይሞቃል። ወደዚያ ክፍል በመሬት ውስጥ የሚሄደው ቧንቧ የተቀደደው እዚህ ሥር ነበር፤ እናቴም ቦታውን አስቀድማ ነግራኝ ነበር።

ከተጠገነ በኋላ ከታኮማ ላመጣት ሄድሁ። መኪና ውስጥ፣ «እጄ ደርሶበት ነው የተበላሸው?» አለችኝ።

«ተሠርቷል፣ እማዬ። አለፈ።»

ይህ መልስ አይደለም። ስሕተቱን ያየው መምህሬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አርሜ፣ ፈርሜ እሰጠው ነበር። እርሷ ግን በዚህ ዓለም ሳትመረምር የምታምነኝ ብቸኛ ሰው ነበረች፤ ያንን እምነት ማጣት አልፈለግሁም። የታረመው ግራፍ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ሐኪሞች የመርሳት በሽታ አላገኙባትም። ቢሆንም በገዛ ማድ ቤቷ፣ አብሹ ገንፍሎ እየፈሰሰ እንኳ፣ የምድጃውን ማጥፊያ ከመንካቷ በፊት ወደ እኔ ዞራ «ልንካው?» ትላለች። «ንኪው» እላታለሁ። ይህንንም ትዕግሥት እለው ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ከ«7» አጠገብ «ማታ» ብዬ በሙሉ ፊደል ጻፍሁ። ግፊቱ ወርዷል፤ ለመሙላት ትንሿን ቫልቭ ግማሽ ዙር ማዞር ይበቃል። እጄን ዘረጋሁና ሳልደርስባት ቆምሁ። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም።

«ልንካው?» አልሁ፣ በሚሰማ ድምፅ። መልስ እስኪሰጠኝ ጠበቅሁ።