የአማቴ ቀሚስና የዶቅዶቄዋ ሰንሰለት

አማትና አማች በእኛ አገር እንዴት እንደሚተፋፈሩ ለዛሬ ልጆች ብነግራቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ! ልጃቸውን አግብቼ የበኩር ልጄ እስኪወለድ ድረስ አማቴን ፊት ለፊት አይቻቸው አላውቅም። እሳቸው ሲገቡ እኔ አቀርቅሬ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሳቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ወደ ጓዳ ይላሉ። የምንነጋገረው በሚስቴ በኩል ነበር። እኔ እዚያው ገበታው ላይ ቁጭ ብዬ እያለሁ እሳቸው ከጓዳ «ወጥ ይጨመርላቸው ወይ በያቸው» ይላሉ። እኔም «በቃኝ በያቸው» እላለሁ። እንዲህ ሳንተያይ ተከባብረን ኖርን።

ያን ጊዜ ወረታ ተቀምጬ በየገጠሩ የወባ መድኃኒት እረጫለሁ። ለሥራው አንዲት ሞተር ብስክሌት ተሰጥታኛለች፤ ሰዉ ዶቅዶቄ ይላታል። ክረምት ላይ የፎገራ ሜዳ ውኃ ስለሚተኛበት ፋይዳ የላትም። በጋ ሲሆን ግን መንገድ አለ የለም ሳትል በሽምብራው ማሳና በከብቱ ግጦሽ መካከል ትፈተለካለች። ሰንሰለቷ ስላረጀ ከጎንደር አዲስ አስመጥቼ፣ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለለ ከመፍቻዎቼ ጋር በከረጢት ይዤው እዞር ነበር።

ሚስቴ አራስ ሳለች አማቴ ሊጠብቋት እኛ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ ማለዳ ከአንበሳሜ በኩል ሰው መጣ። የአማቴ ታላቅ ወንድም በጠና ታመዋል፤ «ውለው ማደራቸውን እንጃ» አለ። እኅትና ወንድም ተኳርፈው ነበር፤ ያውም በእኔ ሠርግ! አማቴ ራሳቸው ሄደው እንደ መጥራት መልእክተኛ ቢልኩባቸው፣ «በሰው የምጠራ ባዳ ነኝ ወይ?» ብለው ወንድምየው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ሰው ሳይታረቅ ከሞተ ደግሞ ለቀሪው ምን ዕረፍት አለው?

በእግር ቢሄዱ አይደርሱባቸውም፤ በቅሎ አልተገኘም። ሚስቴ ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና «በዶቅዶቄዋ ውሰዳቸው!» ብላ ፈረደችብኝ።

አማቴን ከኋላዬ! ኧረ የት ልግባ! ከኋላ ያለው ብረት ላይ ጆንያ አጥፌ አነጠፍኩ። እሳቸውም እግራቸውን በአንድ ወገን ሰብስበው ተቀመጡ። ሚስቴ ከውስጥ «እማዬ፣ ወገቡን ያዢ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ ባለጌ!» አሉና የተቀመጡበትን ብረት ጨበጡ። እኔ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ከጥርጊያው ወጥተን ሜዳውን ስናቋርጥ ከኋላ አንዳች ነገር ጠቅ ጠቅ ይላል። ሞተሯም እየከበደች መጣች። ዞር ብዬ ማየት ነበረብኝ። ግን እንዴት ብዬ ልዙር? ብዞር ፊታችን ሊገጥም ነው! የተሰነጣጠቀው መሬት ነው ብዬ ነዳሁ። ለካ የቀሚሳቸው ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ እየተጎተተ ኖሯል። እሳቸውም አማቻቸውን መጥራት አፍረው፣ ነጠላቸውን ነክሰው በዝምታ ይጓተታሉ። በመጨረሻ ሰንሰለቱ ቋ ብሎ ተበጠሰና ሞተሯ ተንፏቃ ቆመች። እግዜር ጠበቀን፤ አልወደቅንም።

ወርጄ ሳይ ቀሚሱ ሰንሰለቱ በሚዞርበት የኋላ ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ አማቴ እንደታሰሩ ቆመዋል፤ እስከ ጉልበታቸው ተገልጠዋል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋቢዬን አውልቄ ፊቴን አዙሬ ወደ ኋላ ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። ከዚያ ጨርቁ ጨርር ብሎ ሲቀደድ ሰማሁ፤ ራሳቸው ቀደው ወጡ። ስዞር ጋቢዬን ወገባቸው ላይ አገልድመው ወደ ጣና በኩል እያዩ ነበር።

የተጠቀለለውን ጨርቅ በካቻቢቴ እየፈለቀቅሁ፣ የተበጠሰውንም ሰንሰለት ስቤ አወጣሁ። የፊተኛውን ጥርስ ክዳን ፈትቼ አዲሱን ሰንሰለት በዚያ ላይ አዞርኩት። አዲስ ነውና አጭር ሆነ፤ የኋላውን ጎማ ማሰሪያ አላልቼ ጎማውን ወደ ፊት ገፋሁት። አሁን የቀረው ሁለቱን ጫፎች በኋላው ጥርስ ላይ አገናኝቶ በትንሿ መጋጠሚያ ብረት መቆለፍ ነው። ግን አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው እየሸሸ አስቸገረኝ። የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል፤ በዚያ ሜዳ ደግሞ ከእኛና ከላሞች በቀር ማንም የለም።

አማቴን ይያዙልኝ ማለት አቃተኝ። ወደ ሰማይ አንጋጥጬ «ምነው ይህን ጫፍ የሚይዝ አንድ ሰው በተገኘ!» አልኩ። አሁን ይህ የሰው ንግግር ነው? አማቴ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ጫፉን ያዙ። ጣታችን ሲነካካ ሁለታችንም ደንግጠን ለቀቅነው። ሰንሰለቱ ከነግራሶው አቧራ ላይ ተዘረገፈ!

ጠራርጌ እንደገና ስጀምር አማቴ በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥተው ተናገሩኝ። «ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፤ ይፍጠኑ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። ጫፉን ደህና አድርገው ያዙልኝና መጋጠሚያዋን አስገባሁ። እንዳትወጣ የምትጠብቃትን ቀጭን ብረትም ክፍት አፏን ወደ ኋላ አዙሬ አስነከስኳት፤ ወደ ፊት ከዞረች በጉዞ ላይ ተፈናጥራ ትጠፋለች። ጎማውን ወደ ኋላ ስቤ፣ ሰንሰለቱን በጣቴ ገፋ ገፋ አድርጌ ልልነቱን አየሁና አጠበቅሁ።

አማቴ እንባቸውን በዚያው በግራሶ እጃቸው ሲጠርጉ ፊታቸው ጥላሸት መሰለ። አየሁ። ለአማት «ፊትዎ ጠቁሯል» ይባላል? ሞተሯን አስነሣሁ። የጉማራን ወንዝ ተሻግረን እንደምንም ደረስን።

ደጅ የነበሩት ሴቶች ገና ሲያዩዋቸው «እሪ!» አሉ። ቀሚስ ተተርትሯል፣ የወንድ ጋቢ ተገልድሟል፣ ፊት ጠቁሯል፤ ከዚህ ሌላ ሐዘንተኛ ምን ይመስላል? በሽተኛው ግን አልሞቱም ነበር። አልጋቸው ላይ ሰው ደግፏቸው በሩ ላይ የቆሙትን እኅታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«በቁሜ ልታለቅሺብኝ መጣሽ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አማቴ ክው አሉ። ምን ብለው ያስረዱ? አማቼ ፊት ተራቆትኩ ይበሉ? እኔ በዚያ ቤት ከበር ዘልቄ መናገር የማይገባኝ አማች ነኝ። አሁን ዝም ካልኩ ግን እኚህ ሰው እንደተቀየሙ ሊሞቱ ነው። ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ ቀሚሳቸውን የቀደድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ጎማውን፣ ሰንሰለቱን፣ ጋቢውን፣ ሁሉንም እያቀረቀርኩ ዘከዘክሁት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሽተኛው ቀስ ብለው ዞሩ። «ስትጎተቺ አልጮህሽም?» አሏቸው።

«አማቼ ላይ እንዴት ብዬ እጮሃለሁ?»

«እርስዎስ አማች፣ ዞር ብለው አላዩም?»

«አማቴን እንዴት ብዬ ዞሬ ልይ?»

ሳቁ። ሳል እያቋረጣቸው ሳቁ፤ ኋላም ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ዞረባቸው። «እኔም ትምጣና ትጥራኝ እያልኩ፣ አንቺም ይምጣ እያልሽ፣ ይኸው ዕድሜያችንን በላነው» አሉ። አማቴ ተደፍተው የወንድማቸውን ጉልበት ሳሙ። በግራሶ የጠቆረው ጣታቸው አንሶላው ላይ ታተመ።

ወንድምየው ከዚያ ብዙም አልቆዩም፤ አረፉ። ለቅሶው ላይ አልቃሿ ወሬውን ሰምታ ኖሮ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንዲህ ብላ አወረደችው፦

በእግር አልደረሰች፣ በበቅሎ አልመጣች፤
ቀሚሷን ለብረት ገብራ ታረቀች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እፍረት እንደ እሳት ላሰኝ። ለአማቴም ሰጋሁላቸው፤ እኒያ ጨዋ ሴት ነገሩ በአደባባይ ተነሥቶባቸው እንዴት ይችሉታል ብዬ። እሳቸው ግን ደረታቸውን እየመቱ ወደ መካከል ገቡ። ቀሚሳቸው ሲቀደድ ትንፍሽ ያላሉት ሴት፣ ያንኑ ግጥም ተቀብለው በገዛ ድምፃቸው፣ ደብሩ ሁሉ እስኪሰማ ደጋግመው አሉት። እኔ ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ተንሰቀሰቅሁ።